በኪስ የተገኘ አይነካም

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን ሁለት ነው ይባላል። አንደኛው ቅጥነቷ፣ ሁለተኛው ምላሷ። እሷ ራሷ ሦስተኛ ትጨምርበታለች፦ «መርፌ ባይኖር ስንቱ ራቁቱን በሄደ!»

ሱቋ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ መሸጫ መሃል ተሸጉጣለች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እትዬ መርፌ አዲስ ልብስ አትሰፋም። ሥራዋ ሌላው ሰፍቶ ያበላሸውን ማረም ነው። የሰፋውን ታጠብባለች፣ የረዘመውን ትቀመቅማለች፣ የኮት ገበር ትቀይራለች፣ አልዘጋ ያለ ዚፕ ነቅላ በአዲስ ትተካለች። ከሁሉ የምትኮራበት ግን ቀዳዳ መድፈን ነው። ከዚያው ከልብሱ ከማይታይ ቦታ ክር ትመዝና፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ቀዳዳውን መልሳ ትሸምነዋለች። ባለቤቱ ሲመጣ ልብሱን መስኮት ላይ ወስዶ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ሲያጣው አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። «ቀዳዳ የሌለው ሰው የለም፤ የማይታይበት ግን አለ» የምትለው ያኔ ነው።

ሌላም የምትኮራበት ነገር ነበራት። ሰው ልብሱን ለሰፊ ሲሰጥ ኪሱን መፈተሽ ይረሳል። ቁልፍ፣ ክኒን፣ የሎተሪ ቲኬት፣ አንዳንዴም ሚስት ማየት የሌለባት ወረቀት ኪስ ውስጥ ተረስቶ ይመጣል። እትዬ መርፌ ይህን ሁሉ ሳታገላብጥ ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ልብሱ ሲወሰድም አብራ ትመልሳለች። «በኪስ የተገኘ አይነካም» የሚለው ቃል ሱቋ ውስጥ እንደ ሕግ ነበር። አንድ ጊዜ የሰፈሩ ሐሜተኞች ተሰብስበው የአንዱን ጎረቤት ኮት ኪስ ጉድ እንድትነግራቸው ቢወተውቷት፣ «እኔ የማውቀው ገበሩን ነው፤ የኪሱን ሂዱና ኪሱን ጠይቁት» ብላ አባረረቻቸው። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ልብሱን እሷ ዘንድ የሚያመጣው በእጇ ብቻ ሳይሆን በዚህ ጠባይዋም ነው።

አንዲት ልጅ አለቻት። አባትየው ገና ስትራመድ አይቶ «እሜቴ» አላት፤ ማንም የማያጣድፋት ትልቅ ወይዘሮ ይመስል በዝግታ፣ በክብር ነበር የምትራመደው። ስሙም ጸደቀላት። ችግሩ ዝግታዋ በእግሯ ብቻ አለመቅረቱ ነው። አፏን የፈታችው እኩዮቿ ተረት ሲያወሩ ነው። ዛሬ ያወቀችውን ነገ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ጫማዋን አገላብጣ ታጠልቅና ለምን እንደማይመቻት ግራ ይገባታል። ዘመድ ወዳጁ የሚለው ሲያጣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል። እትዬ መርፌ ይቺን እንቁላል እስኪያንገሸግሻት ሰምታታለች። አንድ ቀን ለአንዷ ዘመዷ፣ «ስንት ዓመቷ ነው ይቺ እንቁላል? እስካሁን እግር ካላወጣች ቀቅላችሁ ብሏት!» ብላት ዝምድናው ለጥቂት ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እሜቴን በዓመቱ አጋማሽ ነበር የመለሳት። ያስተምሯት የነበሩት ሴትዮ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የእናቲቱን ትከሻ ይዘው እስከ በሩ ሸኟትና «ትንሽ ትብሰልና ይመልሷት» አሏት። እትዬ መርፌ «ልጄ ፍሬ ናት እንዴ የምትበስለው?» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ እሜቴ ውሎዋ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ሆነ። ሌሎች ልጆች ደብተር ይዘው ሲያልፉ እሷ የወዳደቀ አዝራር ትለቅም ነበር። እናቲቱ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር እግሯ የልጇን ጸጉር ይነካል። ያን ጊዜ የያዛት ፍርሃት ከዚያ በኋላ አለቀቃትም።

በኋላ ሌላው የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደ እሜቴ ላሉ ልጆች አንድ ክፍል ከፈተ። ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለ፣ ድሮ የተሰባበረ ወንበር ይጣልበት የነበረ ነው። የሚያስተምሩት ጡረታቸው የተቃረበ መምህር ነበሩ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለአንድ ከተማ ይበቃል። መምህሩ አንድ ልማድ ነበራቸው። አንድ ነገር አንስተው «ይህ ምንድን ነው?» ይላሉ። ያወቀ ይመልሳል። ያላወቀ ደግሞ ሁለት እጁን አንስቶ «አላውቅም!» ሲል ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብለታል። «ጎሽ! እንግዲህ ከዚህ እንጀምራለን» ይላሉ መምህሩ። ልጁ የማያውቀውን ከደበቀ ከየት ልጀምርለት ነው ነገሩ።

እትዬ መርፌ ይህን ልማድ አልወደደችውም። አንድ ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሱሪውን ሲለካ፣ እሜቴን ለማጫወት ብሎ «አንቺ ቆንጆ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አላት። እሜቴ ሁለት እጇን አንስታ «አላውቅም!» አለችና ለራሷ አጨበጨበች። ሰውየው ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ እናቲቱን ግን ሳቁ አጥንቷ ድረስ ዘለቃት። ልብሱን ስትለካ በመርፌ ቁርጭምጭሚቱን ወጋችው፤ ያው በስህተት ነው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መምህሩ ወላጆችን ሰበሰቡ። «ከጽሕፈት ቤቱ ገምጋሚ ትመጣለች። ይህ ፈተና አይደለም። ልጆቹ የት እንደደረሱ ማያ ነው። በጣም የበረታ ወደ መደበኛው ክፍል ይሄዳል፣ ሌላው እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀጥላል» አሉ። እትዬ መርፌ ሰምታለች፤ ቃሉ ግን በጆሮዋ ገባ እንጂ በልቧ አላደረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ለእሷ ፈተና ባለበት መውደቅ አለ፣ ወድቆም መባረር አለ፣ ከመባረር በኋላ ደግሞ የጠረጴዛ ሥር አለ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት ሴት ዚፑ የተበጠሰ የቆዳ ቦርሳ ይዛ ሱቁ መጣች። የድሮ ደንበኛ ናት፤ ሥራዋም ከመንገዱ ማዶ ነው። «እትዬ፣ ለሥራ እፈልገዋለሁና እባክዎ ያፋጥኑልኝ» ብላ እየሮጠች ሄደች። እትዬ መርፌ ዚፑን ልትነቅል ቦርሳውን ስትከፍት፣ በውስጥ ኪሱ በላስቲክ የታሰሩ የሥዕል ካርዶች አገኘች። ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ። ጀርባቸው ላይ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አለ፤ ከሥሩም «የተማሪዎች መገምገሚያ» ይላል። ለካ ገምጋሚዋ እሷ ናት።

ቆርቆሮውን ከፈተችው። ካርዶቹን ልታስቀምጥ እጇን ዘረጋችና እዚያው ቀረች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ዘጋችው፤ ካርዶቹንም ሻርፗ ውስጥ ጠቅልላ ወደ ቤት ይዛቸው ሄደች።

ቤት ስትደርስ እሜቴን አጠገቧ አስቀምጣ ጀመረች። ይህ ማበጠሪያ፣ ይህ ቁልፍ፣ ይህ ጃንጥላ። ማበጠሪያው ከጸጉር ጋር ይሄዳል፣ ቁልፉ ከበር፣ ጃንጥላው ከዝናብ። እሜቴ የጠፋት ቦታ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ሁለት እጇን አነሳች። እናቲቱ እጆቿን ይዛ ወደ ታች አወረደቻቸው።

«አላውቅም የሚባል ነገር የለም፣ እሺ? አላውቅም ካልሽ ቤት ትቀሪያለሽ።»

«ቲቸር ያጨበጭባሉ እኮ።»

«ሴትዮዋ አታጨበጭብም።»

አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አየ። ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ «ጨዋታ ነው» አለችው። ጥቂት ቆሞ አያቸውና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ። «አንተ አውቶቡስህን ንዳ» አለችው። ሰውየው ከሚስቱ ጋር መከራከር ከቀይ መብራት ጋር እንደ መከራከር መሆኑን የተረዳ ነበርና እጁን ሊታጠብ ገባ። ካርዶቹ በላስቲክ ታስረው ወደ ሱቁ ተመለሱ። ቦርሳው ሲወሰድም «ይህ ኪሱ ውስጥ ነበር» ተብለው ከቆርቆሮው ወጥተው ለባለቤቷ ተሰጡ። ሴትዮዋ በእፎይታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

እሜቴ አለፈች። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ ተጨበጨበላት። «እጅግ የሚያስደስት ለውጥ» ተባለ፤ መምህሩ በስብሰባ ላይ ተመሰገኑ፤ የእሜቴም ፎቶ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ተለጠፈ። ወደ መደበኛው ክፍል ተዛወረች። አዲስ ልብስ የማትሰፋው እትዬ መርፌ ለልጇ አዲስ የደንብ ልብስ ሰፋችላት። ጨርቁ ላይ ጎንበስ ብላ ብቻዋን ትስቅ ነበር። ደስታዋ እውነተኛ ነበር፤ ይህን ማንም ሊነፍጋት አይገባም።

አዲሱ ክፍል ሦስት ሦስት ልጅ በአንድ ዴስክ ተጣብቆ የሚቀመጥበት ነው። እሜቴ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሳት። መጀመሪያ የጠፋው «አላውቅም» የሚለው ቃሏ ነበር። በምትኩ «አዎ» መጣ። ራበሽ? አዎ። ጠገብሽ? አዎ። ትምህርት እንዴት ነው? አዎ። ቀጥሎ ያ የወይዘሮ አረማመዷ ጠፋ፤ የሰው ፊት እያየች ቸኩላ የምትራመድ ሆነች። ከዚያ የደንብ ልብሷ ጠርዝ ይተረተር ጀመር። እናቲቱ በየማታው ትቀመቅመዋለች፣ ልጅቱ በየቀኑ ዴስክ ሥር ክሩን አንድ ባንድ እየመዘዘች ትመልሰዋለች። እትዬ መርፌ ክሩን ወፍራም አደረገችው። እሱንም ፈታችው።

እትዬ መርፌ ሱቋን ዘግታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የክፍሉን መምህርት በእረፍት ሰዓት ደጅ ቆመው አገኘቻቸው፤ ድምፃቸው በጩኸት የተዘጋ፣ እጃቸው በጠመኔ የነጣ ሴት ናቸው።

«የቷ? አሃ፣ እሷ! ወርቅ ናት። ምንም አታስቸግርም።»

«ትምህርቱ ግን ይገባታል?»

«እናቴ፣ ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግር ልጅ መሃል የማታስቸግረኝን አንስቼ ምን ላድርጋት? ዝም ብላ ትቀመጣለች።»

እትዬ መርፌ ደወሉ ሲደወል አልሄደችም፤ መስኮቱ ጋ ቆመች። መምህርቷ ጥያቄ ሲጠይቁ ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፤ እሜቴም አብራ ታወጣለች። ሲያወርዱ ታወርዳለች። «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «አዎ!» ይላል፤ የእሜቴም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ደብተሯ ላይ ከሰሌዳው የገለበጠችው ነገር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ክብ ነው። እትዬ መርፌ የገዛ ሥራዋን አወቀችው። ልጇ ከሌሎቹ መሃል ተሸምናለች፤ ማንም መስኮት ላይ ወስዶ ቢፈልጋት አያገኛትም። እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

ለባሏ ስትነግረው፣ «ማን ያውቃል? እኔና አንቺ ብቻ ነን» አላት። ሊያጽናናት ነበር።

«እሷስ?» አለችው።

ርዕሰ መምህሩ ወጣት ነው፤ ከበስተጀርባው ዋንጫ መደርደር ይወዳል። እትዬ መርፌ ልጄን ወደ ድሮ ክፍሏ መልስልኝ ስትለው ብዕሩን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ልጄ ወደቀች ብሎ የሚያለቅስ ወላጅ ይህን ቢሮ ሞልቶታል። ልጄ አለፈችብኝ ብሎ የመጣ ግን እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት! ፎቶዋ እኮ ሰሌዳው ላይ ነው። ግምገማው ተሳስቷል የምል ከሆነ ምክንያት ያስፈልገኛል።»

ምክንያቱ እሷ ጋ ነበር። ችግሩ፣ ምክንያቱን ስታወጣው ቆርቆሮውም አብሮ ይወጣል። ኪስ ትፈትሻለች የተባለች ልብስ ሰፊ ማን ኮቱን ይሰጣታል? ያውም ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ። እስከ ሱቋ ድረስ ይህን እያሰላሰለች ሄደች። በሩን ግን አልከፈተችም። ዓይኗን በጨው አጥባ መንገዱን ተሻገረች።

ገምጋሚዋ ስታያት ፊቷ ፈካ። «እትዬ! ምን ረሳሁ ደግሞ?»

«አንቺ አልረሳሽም፤ እኔ ነኝ የረሳሁት» አለች እትዬ መርፌ። ከዚያ ቆማ፣ ሳትሸፋፍን፣ ከዚፑ እስከ ሻርፑ ያለውን ነገረቻት። ለወትሮው ቃል የማያልቅባት ሴት በጥቂት ቃል ጨረሰች።

ገምጋሚዋ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። «ያን ቀን ካርዶቹ ጠፍተውብኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለች። «ሲሰጡኝ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? እንኳንም እሳቸው እጅ ገባ አልኩ።»

እትዬ መርፌ ወለሉን አየች። «የፈለግሽውን በይኝ። ለፈለግሽውም ንገሪ። ልጄን ብቻ እንደገና እይልኝ።»

የድሮው መምህርም ሰሙ። እትዬ መርፌ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉትና፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ያቺ ልጅ በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ልታውቅ እንደማትችል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ሲያመሰግኑኝ ጣመኝ። ይኸው ነው።» እትዬ መርፌ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየውን ከልቧ ወደደቻቸው።

ግምገማው ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ሆነ። በዚህኛው ካርድ የለም፤ ገምጋሚዋ ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ዕቃ ደረደረች። እናቲቱ ጥግ ላይ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት፣ ቃል እንዳትተነፍስ ግን ታዘዘች። እጆቿን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠች።

ገምጋሚዋ ማንኪያ አነሳች። «ይህ ምንድን ነው?»

«ማበጠሪያ» አለች እሜቴ ፈጥና።

ኩባያ አነሳች። «ይህስ?»

«ቁልፍ።»

ሰዓት አነሳች። «ጃንጥላ!» አለች እሜቴ፤ ትክክል መሆኗን ለማየትም ወደ እናቷ ዞረች።

ማንኪያ ምን እንደሆነ እሜቴ ታውቃለች። በየቀኑ ትበላበታለች። ገምጋሚዋ ብዕሯን አስቀመጠች፣ መምህሩም ወደ መስኮቱ ዞሩ። እትዬ መርፌ ትእዛዙን ረስታ ተነሳች፤ ልጇ ፊት ተንበረከከች።

«እሜቴ፣ የማታውቂውን አላውቅም ማለት ይቻላል።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። «ቤት እቀራለሁ።»

«አትቀሪም። ያኔ ዋሽቼሽ ነው። እማማ ናት የዋሸችው።»

እሜቴ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ መምህሩን። ገምጋሚዋ ከቦርሳዋ ስቴፕለር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እሜቴ ነካችው፣ ጫን አለችው፣ ቀጭ ሲል ደነገጠች። ከዚያ ሁለት እጆቿ እስከ ትከሻዋ ብቻ ተነሱ። «አላውቅም» አለች በሹክሹክታ። መምህሩ አጨበጨቡ። ገምጋሚዋ ገና ቂሟ ያልወጣላት ሴት ብትሆንም አብራ አጨበጨበች። እውነተኛው ግምገማ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እሜቴ ብዙውን አላወቀችውም። ጥቂቱን ግን ከማንም ሳትኮርጅ አወቀችው፤ ማንኪያውንም ጭምር።

ወደ ድሮ ክፍሏ እንድትመለስ ተወሰነ። ርዕሰ መምህሩ ፎቶውን ከሰሌዳው ላይ ለማንሳት ቁልፉ ጠፋብኝ እያለ ሰነበተ፤ ፎቶው ፀሐይ እስኪያነጣው እዚያው ቆየ። ገምጋሚዋ ነገሩን ለማን እንደነገረች አይታወቅም። እሷ ራሷ ግን ከዚያ ወዲህ እትዬ መርፌ ሱቅ ገብታ አታውቅም፤ ሌሎችም አንዳንድ ደንበኞች ኪሳቸውን ፊቷ ቆመው መፈተሽ ጀምረዋል። እትዬ መርፌ ይህን ስታይ አትቆጣም። ይገባኛል ትላለች፤ ያማታል ግን።

የዚያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። መንገዱ ላይ ሰው ይጣደፋል። እሜቴ አልቸኮለችም።

«እማ፣ አለፍኩ?»

እትዬ መርፌ ያኔ ለዚሁ ጥያቄ ልጇን አቅፋ፣ አሽከርክራ ነበር የመለሰችላት። አሁን የልጇን እጅ ጠበቅ አደረገች። «አላለፍሽም፣ የኔ እናት።»

«ወደ ቲቸር ክፍል ነው የምመለሰው?»

«አዎ።»

«እዚያው መስኮቱ ጋ?»

«እዚያው።»

እሜቴ በደስታ ዘለለች፤ አንዱ ጫማዋ ወልቆ ቀረ። እናቲቱ አነሳችላትና አጎንብሳ ስታጠልቅላት ልጅቱ ትከሻዋን ተደግፋ ቆመች። አንድ ነገር ስታስብ ግንባሯ ይኮማተራል፤ አሁንም ተኮማተረ።

«እማ።»

«ወይ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ውደቂ አላልሽኝም? እወድቅልሽ ነበር እኮ።»